ስለ ካንሰር የሚመክረው ሐኪም ቤት ተረኞቹን ምን ያበላል?

ባለፈው ወር በትልቁ አዳራሽ ስለ ካንሰር የተሰጠውን ንግግር የሰማችሁ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ። ተናጋሪው የተማሩና የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ክርክራችን ከአሳባቸው ጋር እንጂ ከራሳቸው ጋር ስላልሆነ ስማቸውን እዚህ ማንሣት አያስፈልግም። የንግግራቸው ፍሬ ነገር ይህ ነበር፤ ካንሰርን ከሚያመጡት ነገሮች ብዙዎቹ በሰው በራሱ እጅ ያሉ ናቸው፤ ሲጋራ ነው፥ መጠጥ ነው፥ ጮማና ቅባት ማብዛት ነው፥ አትክልት መናቅ ነው፥ ተቀምጦ መዋል ነው። ይህንንም ከማንም ይልቅ የሚያውቀው የጤና ሠራተኛ ነው። እያወቀ ግን አይጠነቀቅም። እንግዲያው ጉድለቱ የጠባይ ጉድለት ነው፤ ራሱን መጠበቅ ያቃተው ሰው የሌላውን ጤና እጠብቃለሁ ብሎ ነጭ ጋዋን መልበሱ ያሳፍራል፤ አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኛም አጨብጭበናል። ዛሬ የምንጽፈው ያን ጭብጨባችንን መልሰን ለመውሰድ ነው።

ንግግሩን በሰማን በሦስተኛው ሳምንት ለሥራ ልምምድ ወደ አቃቂ ወረድን። አቃቂን በስም ብቻ ለምታውቁት፥ ከሳሪስ ቁልቁል ወርዳችሁ ቃሊቲን ስታልፉ የምታገኙት የፋብሪካ፥ የጭነት መኪናና የአቧራ ሰፈር ነው። በእኛ አገር ፋብሪካ መትከል ሲጀመር ጨርቃ ጨርቁም ብረታ ብረቱም በዚያ ተተከለ፤ ወዛደሩም ከየአቅጣጫው መጥቶ በዚያ ቤት ሠራ። የተመደብንበትን ተቋም ስም አንጠራም። ከሌሎቹ የተለየ ክፉ ሆኖ ስላላገኘነው፥ በእርሱ ላይ ብቻ ጣት መቀሰር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

የሌሊቱ ተራ ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ይጀምርና በማግሥቱ ጧት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ያበቃል፤ 15 ሰዓት ማለት ነው። በዚህ መካከል የምትወልደው ትወልዳለች፤ መኪና የገጨው ይመጣል፤ ጣቱን ማሽን የበላው ይመጣል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ላይ ነገሩ ጥቂት ረገብ ሲል፥ አብረናቸው የምንሠራ አንዲት ሲስተር ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጡና ከጋዜጣ ቁራጭ ውስጥ ሁለት ቦምቦሊኖ አወጡ። ከቴርሞስ ሻይ ቀዱ፤ ስኳሩ ቀድሞውኑ ገብቶበታል። ዕድሜያቸው የእናቶቻችን ዕድሜ ነው። ከመካከላችን አንዱ ደፈር ብሎ፥

«ሲስተር፥ ራትዎ ይኸው ነው?» አላቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ!» አሉ። «ምሳ ዕቃ ይዤ እመጣ ነበር። ማሞቂያ የለ። ማቀዝቀዣው እንደምታየው የክትባት ነው፥ ምግብ አይገባበትም። አለመግባቱም ትክክል ነው። ስንቱን ቀን ሽሮዬ ኮምጥጦ ደፋሁት!»

ቀና ብለን አየን። ከራሳቸው በላይ፥ ግድግዳው ላይ፥ ካሮት፥ ቲማቲም፥ ብርቱካንና ጎመን በቀለም ያሸበረቁበት ወረቀት ተለጥፏል፤ አትክልትና ፍራፍሬ በየቀኑ ተመገቡ ይላል። ሲስተር በዚያ ሥዕል ሥር ቦምቦሊኖአቸውን በሉ፤ እጃቸውን ታጠቡ፤ ምጥ የያዛትን ሴት ለማየት ተነሡ።

እንግዲህ እኒህን ሴት የምንወቅሳቸው በየትኛው ጠባያቸው ነው?

ከግቢው በር ውጭ ያለውንም አይተናል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ምግብ ቤቶቹ ይዘጋሉ። የምትቀረው ድንችና ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሴትዮ ናት። ዘይቱ ጠቁሯል፤ ስንት ጊዜ እንደ ፈላ እርሷም አትቈጥረው። እርሷን አንወቅሳትም፤ በዚያ ሰዓት ለተራበ ሰው ትኩስ ነገር የምታቀርብ በሰፈሩ እርሷ ብቻ ናትና። ጥበቃውም ከእርሷ ይበላል፤ ጽዳት ሠራተኛዋም፥ የላቦራቶሪው ልጅም፥ ወጣቱ ሐኪምም ከእርሷ ይበላሉ። (ጥበቃውና ጽዳት ሠራተኛዋም የጤና ሠራተኞች ናቸው፤ በአዳራሹ ንግግር ግን ስማቸው አልተነሣም።) እንቅልፍ ለማባረር ጫት የሚይዙም አሉ። ጫቱ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ሲጋራና ለስላሳ ያስከትላል። በማግሥቱ ሰውዬው ቤቱ ገብቶ የሚተኛው ልጆች በሚጮኹበት ሰዓት ነው፤ ሲነሣ ያገኘውን ይበላል፤ ስፖርት ሥራ የሚባለው ነገር በየትኛው ሰዓት ይግባ?

አሁን ደግሞ የዕውቀቱን ምንጭ እናንሣ። ሲጋራ ካንሰር እንደሚያመጣ ዓለም አጥርቶ ያወቀው በማን ሰውነት ላይ ነው? በሐኪሞች ሰውነት ላይ ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ወደ 60 ሺህ ለሚጠጉ የአገራቸው ሐኪሞች ስለ ማጨሳቸው የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ ላኩ። መልስ ከሰጡት ውስጥ ከ34 ሺህ የሚበልጡትን ወንዶች ለ50 ዓመት ተከታተሏቸው፤ ማን መቼ በምን ሞተ እያሉ መዘገቡ። ገና በ1954 የሳምባ ካንሰር አጫሾቹን እየለየ እንደሚወስድ ታየ። (የሳምባ ካንሰር ስንል አባቶቻችን የሳምባ ነቀርሳ የሚሉትን ሳል አይደለም፤ ያ ሌላ ነው፥ በመድኃኒትም ይድናል። ይህን መደባለቅ በአቃቂ ከሕሙማን ብቻ ሳይሆን ከተማሪም ሰምተናል።) በ2004 የወጣው የ50 ዓመቱ ዘገባ ደግሞ ሲጋራን ሳይተው የኖረ ሰው ካላጨሰው በአማካይ 10 ዓመት ቀድሞ እንደሚሞት፥ በ30 ዓመቱ የተወ ግን ያን ዕድሜ ሁሉን በሚያህል እንደሚያስመልስ ተናገረ። በዚህ ጊዜ ከተጠኑት ሐኪሞች አብዛኞቹ ሞተው ነበር።

ነርሶችም እንዲሁ ናቸው። በአሜሪካ በ1976 በተጀመረው ጥናት 121,700 ነርሶች በየሁለት ዓመቱ መጠይቅ እየሞሉ ስለሚበሉት፥ ስለሚጠጡት፥ ስለ ክብደታቸውና ስለ ተራቸው መልስ ሰጡ። ጥቂት መጠጥም ቢሆን ከጡት ካንሰር ጋር እንደሚያያዝ በ1987 ከእነርሱ ታወቀ። 30 ዓመትና ከዚያ በላይ በየወሩ ሌሊት እያፈራረቁ የሠሩት የጡት ካንሰር መጠነኛ ጭማሪ እንዳሳዩ በ2001 ከእነርሱ ታወቀ። በአዳራሹ በመጋረጃ ላይ ያየናቸው ሥዕሎችና ቍጥሮች ሥራቸው ይህ ነው። ዓለም ከሐኪምና ከነርስ አካል ይህን ሁሉ ተምሮ፥ መልሶ ለነርሷ የሰጣት ግሣጼ ብቻ ከሆነ ሒሳቡ አልተወራረደም።

«የእንግሊዝ ሐኪሞች ጥናቱን አንብበው ሲጋራቸውን ጥለዋል፤ የእኛዎቹን ምን ከለከላቸው?» የሚል እንደሚነሣ እናውቃለን። እውነት ነው፥ ብዙዎቹ ጥለዋል። ዳሩ ግን ሲጋራ ሰው በገዛ እጁ አንሥቶ በገዛ እጁ የሚጥለው ነገር ነው። የተራ ሰሌዳ እንዲህ አይጣልም። ነርሷ ሌሊቱን ልተወው ብትል የምትተወው እንጀራዋን ነው። የሲጋራው ምሳሌ ለሲጋራ እንጂ ለሌላው አይሠራም።

ከዚህም በላይ በእኛ አገር ሲጋራ የሁሉ ነገር ራስ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ዐዋቂ ከመቶ 5 ገደማ ነበር። ስለ እርሱም ቢሆን መንግሥት አጫሹን ጠባይህን አሳምር ብሎ ብቻ አልተወውም። በ2011 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስ ተከለከለ፤ የፓኮውን ገጽ 70 በመቶ የሚሸፍን የማስጠንቀቂያ ሥዕል ታዘዘ፤ በዚያው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ወጣ። በ2012 ዓ.ም ደግሞ በሲጋራው ላይ ከባድ ኤክሳይስ ታክስ ተጣለ። ይህ ሁሉ ስብከት አይደለም፤ ሕግና ገንዘብ ነው። ለአጫሹ ሕግና ገንዘብ ካስፈለገ፥ ለተረኛዋ ራት ምክር ብቻ ይበቃል የተባለው ከየት መጥቶ ነው?

አንድ ቍጥር እንጨምር። በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ በቀን ከሚመከረው አትክልትና ፍራፍሬ በታች የሚመገበው ኢትዮጵያዊ ዐዋቂ ከመቶ 95 ይበልጥ ነበር። ከመቶ ሰው አምስቱ ቢያጠፉ የጠባይ ነገር ነው ማለት ይቻል ይሆናል። ዘጠና አምስቱ ሲያጠፉስ? አገር በሙሉ ጠባዩ ተበላሽቷል ልንል ነው? ወይስ የገበያውን ዋጋና የሥራውን ሰዓት ልንመረምር ነው?

ስለ አትክልቱ ከተነሣ አቃቂ የራሷ ነገር አላት፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ሁለቱም አዲስ አበባን አቋርጠው ወርደው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ። በመንገዳቸው የከተማውን ፍሳሽ፥ የቄራውን፥ የቆዳ ፋብሪካውን፥ የጋራዡን ዝቃጭ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተቀብለዋል። በዳርና ዳራቸው ደግሞ ሰላጣ፥ ቆስጣና ጎመን በዚያው ውሃ እየጠጣ ይበቅላል። ከዚህ አትክልት ናሙና ወስደው የመረመሩ የገዛ አገራችን መምህራን እንደ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች አግኝተውበታል፤ ይልቁንም በቅጠላ ቅጠሉ ላይ። ካድሚየምና አንዱ የክሮሚየም ዓይነት ካንሰር ያመጣሉ ተብለው በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት መዝገብ በመጀመሪያው ረድፍ ተጽፈዋል። ቅጠሉን ማጠብ አፈሩንና ትሉን ያስወግዳል፤ ተክሉ በሥሩ የጠጣውን ግን አያወጣም።

ይህን ያነሣነው ሰው ጎመን እንዲፈራ አይደለም። ጎመን የማይበላ ሰው በሌላ በኩል ይጐዳል፤ አትክልትና ጥራጥሬ አንጀትን ከካንሰር በመጠበቅ የታወቁ ናቸው። የምንለው ይህን ነው፤ በአቃቂ ግድግዳ ላይ አትክልት ተመገቡ ብሎ የለጠፈ ባለሥልጣን፥ የትኛውን አትክልት፥ ከየትኛው ውሃ የሚለውን ጥያቄ አብሮ መመለስ አለበት። ሲስተርን አንድ ቀን ጧት ከተራ ሲወጡ ሸኝተናቸው፥ በመንገድ ዳር አንዲት ሴት ዘንድ ቆመው አንድ እስር ጎመን አገላብጠው አዩና መልሰው አስቀመጡት። «ከወንዙ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ «ኧረ ከደጋ ነው!» አለች። ሲስተር ሳቁ። የገዙትም ሽንኩርት ነበር። እውነቱን ማን ይወቅ? ፍርዱ ለአንዲት ደካማ ሴት ዓይን ተትቶ፥ ከዚያ በኋላ አትክልት ትንቃለች ትባላለች።

ስለ ሌሊቱም እንጨርስ። ያው የምርምር ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. የሌሊት ተራ ሥራን ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብለው በብርቱ ከሚጠረጠሩት ነገሮች ረድፍ አስገባው፤ በ2019 እንደ ገና መርምሮ እዚያው አቆየው። ጥናቶቹ ሁሉ አንድ ቃል አይናገሩም፤ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሴቶች ታይተው ጭማሪ ያልተገኘበትም አለ። ይህን መደበቅ አይገባንም። ነገር ግን ዴንማርክ ጥርጣሬው እስኪጠራ አልጠበቀችም፤ በ2008 ብቻ፥ በሳምንት ቢያንስ አንድ ሌሊት ለ20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሠርተው የጡት ካንሰር ለያዛቸው ወደ 40 ለሚጠጉ ሴቶች፥ ነርሶችም አሉባቸው፥ የሥራ ጉዳት ነው ብላ ካሣ ሰጠች። በዚያ አገር በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት የተባለው በእኛ አዳራሽ የጠባይ ጉድለት ተባለ።

በአገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ከ80 ሺህ በላይ ሰው አዲስ በካንሰር ይያዛል፤ ከ54 ሺህ በላይ ይሞታል። በአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ከገቡት ሕሙማን ሁለት ሦስተኛው ያህል ሴቶች ናቸው፤ የጡት ይቀድማል፥ የማኅፀን በር ይከተላል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ሙሉ በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ እንደ ነበር፥ ሕሙማኑም ወራት ወረፋ ይጠብቁ እንደ ነበር ሁላችን እናውቃለን። የነርስነት ሥራ ደግሞ በአመዛኙ የሴቶች ሥራ ነው። ይህን እያወቅን ሥዕሉን ሁሉ ከአውሮፓ ቀድተን፥ ለአንድ ሰዓት ንግግር ግማሹን በሲጋራ መጨረስ ምን ይባላል?

በአቃቂ የማኅፀን በር ምርመራ በየቀኑ ይሠራል፤ በአሴቲክ አሲድ ቀብቶ ማየት ነው፥ ብዙ መሣሪያም አይጠይቅ። ሌሎችን ቀኑን ሙሉ የሚመረምሩትን እህቶች እናንተስ ታይታችኋል ወይ ብለን ጠየቅናቸው። አብዛኞቹ አልታየንም አሉ። ለምን? «ማን ይየኝ? አብራኝ ምሳ የምትበላዋ?» አለች አንዷ። ይህ መልስ ለእኛ ከአዳራሹ ንግግር የበለጠ ትምህርት ሆኖናል። ዕውቀት አላጣችም፤ ስንፍናም አይደለም፤ ኀፍረት ነው፥ ኀፍረቱም ምክንያት አለው። መፍትሔውም ውድ አይደለም፤ የአንዱ ተቋም ሠራተኞች በሌላው ተቋም እንዲታዩ በዓመት ግማሽ ቀን ፈቃድ መስጠት ነው።

ሌላም አለ። በልምምዳችን በሁለተኛው ሳምንት ከእኛ አንዷ ደም በነካው መርፌ ጣቷን ተወጋች። ስለ ሄፓታይተስ ቢ ክትባት ስትጠየቅ አልወሰደችም። እኛም ተያየን፤ አብዛኞቻችን አልወሰድንም። የጉበት ካንሰርን ከሚያመጡት ዋነኞቹ አንዱ ይህ ቫይረስ ነው፤ ክትባቱም በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ነው። በአገራችን ከሕፃናት ክትባት ጋር የተቀላቀለው በ1999 ዓ.ም ስለሆነ፥ ከዚያ በፊት የተወለድን ሁሉ በሕፃንነታችን አላገኘነውም። በአራተኛ ዓመታችን ወደ ሕሙማን አልጋ ስንላክ አንድ ሰው ይህን ሊጠይቀን አይገባም ነበርን? ክትባት ወስዳችኋል ሳይባል ነጭ ጋዋን ገዝታችኋል ተብለን ተጠይቀናል። ልጅቷ የመጀመሪያውን መርፌ በግል ክሊኒክ በገዛ ገንዘቧ ወሰደች፤ የደም ምርመራዋን ውጤት ይህ ጽሑፍ እስኪታተም እየጠበቀች ነው።

እስከ አሁን ለጤና ሠራተኛው ጠበቃ ሆነናል። በመጠጥ ነገር ግን ጠበቃነታችን ያበቃል። ደመወዝ በወጣ ማግሥት ቢራው በሳጥን ሲወርድ ያየነው ተገድዶ የጠጣ ሰው የለበትም። አልኮል ከጡት፥ ከጉበት፥ ከጉሮሮና ከአንጀት ካንሰር ጋር መያያዙ አከራካሪ አይደለም፤ በመጀመሪያው ረድፍ የተጻፈው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ ላይ የአዳራሹ ተናጋሪ ትክክል ናቸው፤ ወቀሳቸውም ለሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ለእኛም ነው፥ ፈተና ባለቀ ማታ ወዴት እንደምንሄድ መምህራኖቻችንም ያውቃሉና። (አንዳንዶቹን እዚያው እናገኛቸዋለን፤ ስም አንጠራም።) ስለ ቍርጡ ግን ብዙ አንጨነቅም፤ ቀይ ሥጋ ማብዛት አንጀትን እንደሚያሠጋ እናውቃለን፥ የኪሎው ዋጋ ግን ከማንኛውም ሐኪም ይልቅ አጥብቆ ከልክሎናል። ቡና የሚወዱም ይረጋጉ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ከተጠርጣሪዎቹ ረድፍ ወጥቷል። የቀረው ከ65 ዲግሪ በላይ የሚያቃጥል ትኩስ ነገር መጠጣት ነው፤ ይህም ለጉሮሮ አያምርም፥ ስለዚህ እፍ እያላችሁ ጠጡት።

የሚያበሳጨው ነገር መልካሙ ምግብ የእኛው መሆኑ ነው። ሽሮ፥ ምስር፥ ክክ፥ ጤፍ፥ ጎመን፥ የጾም ወጥ በሙሉ፤ የውጭ ሊቃውንት ጥራጥሬ አብዙ፥ ያልተፈተገ እህል ብሉ፥ ቅባት ቀንሱ እያሉ የሚጽፉት ስለዚህ ነው። ሲስተር ይህን ከቤታቸው በምሳ ዕቃ ይዘው ይመጡ ነበር። ጠባያቸው ሳይሆን የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የጐደላቸው። በ15 ሰዓት ተራ ውስጥ አንድ ማሞቂያና አንድ የምግብ ማቀዝቀዣ ማጣት የአንድን ሰው ራት ከሽሮ ወደ ቦምቦሊኖ ይለውጠዋል፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት ለ25 ዓመት ሲባዛ ደግሞ ክብደት ይሆናል፥ ስኳር ይሆናል፤ ክብደትም ከ13 ዓይነት ካንሰር ጋር ተያይዟል።

ገንዘብ የለም ይባላል። በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን፥ የታሰሩም መኖራቸውን እናውቃለን፤ በዚያ ጥያቄ ውስጥ የኑሮ ውድነቱ ነበረ። ደመወዙ የእኛ ጽሑፍ የሚፈታው አይደለም። ምድጃ ግን ደመወዝ አይደለም። ማቀዝቀዣም አይደለም። ክትባት ለሕፃን እንጂ ለነርስና ለተማሪ የማይገዛበት ምክንያት ማንም አላስረዳንም።

ስለዚህ ለኅብረቱ ሥራ አስፈጻሚ የምናቀርበው ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ለልምምድ ሲልክ ከየተቋሙ ጋር ውል ይፈራረማል። ውሉን አይተነዋል፤ ስለ ተማሪው ሰዓት አክባሪነት፥ ስለ አለባበሱ፥ ስለ ሰበረው ዕቃ ካሣ ይናገራል። በዚያው ውል ላይ፥ ማንም ተማሪ የሄፓታይተስ ቢ ክትባቱን ሳይጀምር ወደ አልጋ ክፍል እንዳይገባ፥ ክትባቱንም ዩኒቨርሲቲው እንዲችል፤ ተማሪ የሚቀበል ተቋም ለሌሊት ተረኞች፥ ለጽዳትና ለጥበቃ ጭምር፥ የሚሞቅበትና የሚቀመጥበት የምግብ ክፍል እንዲኖረው ይጨመር። ሴት ሠራተኞች በሌላ ተቋም የሚታዩበትን የግማሽ ቀን ፈቃድ ነገር ደግሞ መምህራኖቻችን ለከተማው ጤና ቢሮ እንዲጽፉልን እንለምናለን፤ የእኛ ወረቀት ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ አያልፍምና። የኬሚስትሪ ክፍል መምህራንም የአቃቂን ገበያ ጎመን በየወቅቱ መርምረው ውጤቱን በዚያው ገበያ፥ በአማርኛም በኦሮምኛም፥ ቢለጥፉልን ከግድግዳው ሥዕል ይልቅ ይጠቅመናል።

በአዳራሹ የተናገሩትንም ሰው አንድ ሌሊት ወደ አቃቂ እንጋብዛቸዋለን። ንግግር እንዲያደርጉ አይደለም፤ ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ጧት 2 ሰዓት ተኩል አብረውን እንዲቆዩ ነው። ራታቸውን ከየት እንደሚያገኙ እናሳያቸዋለን።

የፊርማው ወረቀት በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ እስከ ዓርብ ይቆያል። የሚቀጥለው ምድብ ሰኞ ይወርዳል። የምትወርዱ ቆሎ፥ ዳቦና ሙዝ ያዙ፤ እነዚህ አይኮመጥጡም። ለሲስተርም ጨምራችሁ ያዙላቸው፤ ተራቸው ረቡዕና ቅዳሜ ነው።